የዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወትና ከአስከሬናቸው የተወሰደው ጠጕር

ሰው በሞተ ጊዜ ሥጋው ለመሬት፥ ስሙም ለታሪክ ይተዋል። ስማቸው በሕይወታቸው ሳሉ ሰውን ሁሉ ያስፈራ ወይም ያስደነቀ ሰዎች ግን ይህ ዕረፍት ብዙ ጊዜ ይከለከላቸዋል። ጠላት ከአስከሬናቸው ላይ ቍራጭ ወስዶ እንደ ዕቃ ያስቀምጠዋል፤ ወዳጅም ያላየውን ሞት በየራሱ አሳብ እያስጌጠ ይተርከዋል። ይህ ዕጣ ከደረሰባቸው ነገሥታት አንዱ ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በሞቱ ሰዓት ከራሳቸው ተቈርጦ የተወሰደው ጠጕር ለኢትዮጵያ የተመለሰው ከ151 ዓመት በኋላ ነው። ይህም ለምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሕይወታቸውን ከመጀመሪያው አንሥቶ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸውም ካሳ ኃይሉ ነበረ። አባታቸው ከቋራ ባላባቶች ወገን ሲሆኑ፥ ልጁ ገና ሳያድግ ስለ ሞቱ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በድኽነት ላይ ወደቁ። ኮሶ እየሸጡ ልጃቸውን አሳደጉ የሚባለው ወሬ የመጣ ከዚህ የተነሣ ነው። ወሬው እውነት ቢሆን ባይሆን፥ ጠላቶቻቸው ለስድብ ብዙ ዘመን ተጠቅመውበታል፤ ንጉሡም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ አልረሱትም። ካሳ ለትምህርት ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ተሰጥተው ንባብና ቅዱሳት መጻሕፍትን ተማሩ። ገዳሙ ግን በጦረኞች ተወረረ፤ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ ሲጠፉ እርሳቸው አምልጠው ወደ ዘመዳቸው ወደ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ገቡ። ያ ብላቴና በዐይኑ ያየው ደም፥ በዘመነ መሳፍንት ለነበረው ሕዝብ የዘወትር ኑሮ ነበረ።

ከ1761 ዓ.ም. ጀምሮ በጎንደር ዙፋን ላይ የሚቀመጡት ነገሥታት የስም ብቻ ነበሩ። ሥልጣኑ በየአውራጃው መሳፍንት እጅ ሆኖ፥ ባላገሩ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው ይገብር፥ እህሉም በየዓመቱ በወታደር ይበላ ነበረ። ካሳ ከክንፉ ሞት በኋላ ሸፍተው በቋራ ቈላ ተቀመጡ። ከሀብታም ነጋዴ የነጠቁትን ለድኻ ገበሬ ለዘር መግዣ ይሰጡ ስለ ነበረ፥ በባላገሩ ዘንድ ስማቸው ተወደደ። እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ ዐሊ ይህን ኃይል ለማብረድ ሲሉ የራስ ዐሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩላቸው። ተዋበች ግን ከአባታቸው ይልቅ ለባላቸው የታመኑ ሆኑ፤ ጋብቻውም ጠብን አላስቀረም። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹ ወደቁ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ራስ ዐሊ በአይሻል ድል ሆኑ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ የስሜኑና የትግሬው ገዢ ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ተሸነፉ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፥ በጦርነቱ በሦስተኛው ቀን አቡነ ሰላማ ቀብተው ያነገሡት ካሳን ሆነ።

ካሳ በነገሡ ጊዜ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም መምረጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በፍካሬ ኢየሱስ መጽሐፍ ላይ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ በምሥራቅ ተነሥቶ ከረኀብና ከጦርነት ዘመን በኋላ በጽድቅና በሰላም እንደሚገዛ ይነገር ነበረ። በተስፋ ይጠብቅ የነበረው ሕዝብም ይህ ንጉሥ እስከ ኢየሩሳሌም ደርሶ ቅዱሳት መካናትን ነፃ እንደሚያወጣ ያስብ ነበረ። ንጉሡ ራሳቸውም የኢየሩሳሌምን ነገር ከልባቸው አላወጡም። በዚያ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በዴር ሡልጣን ገዳም ስለ ደረሰባቸው መከራ ይሰሙ ነበረ። በኢየሩሳሌም የነበረው የእንግሊዝ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባትም የእጅ ሥራ የሚያውቁ ወንጌላውያንን የላከላቸው ከዚያው ከተማ ነው። እንግዲህ አፈ ታሪኩ በሞታቸው ቀን የተጀመረ አይደለም፤ በሰላሳ ስድስት ዓመት ዕድሜያቸው ራሳቸው ለብሰውት ወደ ዙፋን ወጡ።

በመንግሥታቸው መጀመሪያ ያሰቡት አሳብ ለዘመኑ ትልቅ ነበረ። የባሪያ ንግድ እንዲቀር አዘዙ፤ ወታደሩ ባላገሩን መዝረፉን ትቶ በደመወዝ እንዲያድር፥ ሽፍታውም ወደ እርሻው እንዲመለስ አወጁ። ለዚህ ሁሉ ግን ገንዘብ ስላስፈለጋቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ርስት ተመለከቱ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የሚበቃ መሬት ተለይቶ የቀረው ለገባር እንዲሆን ባዘዙ ጊዜ ከካህናቱ ጋራ የማይታረቅ ጠብ ገቡ። ያነገሧቸው አቡነ ሰላማም በመጨረሻው ታስረው በመቅደላ እንዳሉ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐረፉ።

ሐዘንም በሐዘን ላይ ተደረበባቸው። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ። ወዳጃቸው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. በሽፍቶች እጅ ቈስሎ ሞተ፤ እንደ ወንድም ይወዱት የነበረው ጆን ቤልም ጥቂት ወራት ቈይቶ ሲዋጋላቸው ወደቀ። ከዚያ በኋላ ምሕረታቸው እያነሰ ቅጣታቸው እየበዛ ሄደ። ዐመፅ በየአውራጃው በተነሣ ቍጥር አገር አቃጠሉ፥ እጅና እግር አስቈረጡ። በ1859 ዓ.ም. የነገሥታት መዲና የነበረችው ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም አልተረፉም። ከጎንደር የተወሰዱት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ መቅደላ አምባ ተጓዙ። ንጉሡ በዚያ ላቋቋሙት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መክበሪያ ይሆናሉ ብለው አስበው ነበረ። ይህ ነገር በኋላ ለሚመጣው መሠረት ስለ ሆነ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉት ሀብት አስቀድሞ ከጎንደር ካህናት እጅ በግድ የተወሰደ ነበረና።

በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ወዳጅነትንና በቱርኮች ላይ ርዳታን ጠየቁ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ በመሥሪያ ቤት ሳጥን ውስጥ ያለ መልስ ቀረ። ንጉሡ ይህን እንደ ንቀት ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. ቆንስል ካሜሮንን ከሌሎች አውሮፓውያን ጋራ አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. መልስ ይዞ የመጣው የሞሱል ተወላጅ ሆርሙዝድ ራሳምም ጥቂት ተከብሮ በኋላ ከእስረኞቹ ጋራ ተቈጠረ። በዚያው ጊዜ በጋፋት የነበሩት የጎባት ሰዎች መድፍ እንዲያቀልጡ ታዘዙ። ከመድፎቹም ትልቁ ሴባስቶፖል የተባለው 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን ነበረ። ንጉሡ በአገሪቱ ገደልና ሸለቆ መንገድ እያስቈረጡ፥ በብዙ መቶ ሰዎች እያስጐተቱ ወደ መቅደላ አደረሱት። መድፉ እስከ ዛሬ በዚያው አምባ ላይ ይገኛል።

እንግሊዝ እስረኞቹን ለማስፈታት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል ወታደር ከሕንድ ወደ ዙላ ወደብ ላከች፤ መድፎቹንም በዝሆን እያስጫነ ወደ ደጋው ወጣ። የላስታው ዋግሹም ጎበዜ፥ የትግሬው በዝብዝ ካሳና የሸዋው ምኒልክ ቀድሞ ከንጉሡ ተለይተው ስለ ነበረ መንገዱን የሚከለክል አልተገኘም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጠላት በቀረበ ጊዜ በቍጣ ተነሥተው ከአገሬው እስረኞች ብዙዎቹን ከእስላምጌ ገደል አስወረወሩ። ይህ ድርጊት በሞታቸው ዋዜማ የተሠራ ከባድ ጥፋት ነውና፥ የሚወዷቸው ሰዎችም ሊሸፍኑት አይችሉም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዓርብ ነበረ። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊታውራሪ ገብርዬ የሚመሩት ሠራዊት ከፋላ አምባ ወደ እሮጌ ሜዳ ወረደ። የእንግሊዝ ወታደር ከኋላው የሚጐርስ አዲስ ጠመንጃ ይዞ ስለ ነበረ፥ በዝናብና በነጐድጓድ መካከል በጥቂት ሰዓት ውስጥ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ገብርዬም ከእነርሱ ጋራ። ንጉሡ የወዳጃቸውን ሞት በሰሙ ጊዜ ነገሩ እንዳበቃ ዐወቁ። በቀዳሚት ሥዑርና በትንሣኤ አውሮፓውያኑን እስረኞች ሁሉ ለቀቁ፤ ለፋሲካም ብለው ወደ ናፒየር ሰፈር የከብት ስጦታ ላኩ። ስጦታው ተቀባይነት ያገኘ መስሏቸው ዕርቅ ተስፋ አደረጉ። ከብቱ ግን አልተወሰደም፤ የተጠየቀውም እጃቸውን እንዲሰጡ ነበረ።

በትንሣኤ ማግስት፥ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፥ የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን በር ሰብሮ ገባ። ከንጉሡ ጋራ የቀሩት ጥቂት የታመኑ ሰዎች ብቻ ነበሩ። እነርሱንም ካሰናበቱ በኋላ ሽጉጣቸውን ወደ አፋቸው አግብተው ተኰሱ። ያ ሽጉጥ ለፕላውደን ስላደረጉት ቸርነት ምስጋና ተጽፎበት ንግሥት ቪክቶሪያ በካሜሮን እጅ የላኩላቸው ገጸ በረከት ነበረ። የወዳጅነት ምልክት ሆኖ የመጣው መሣሪያ የሞታቸው መሣሪያ ሆነ። ዕድሜያቸው አምሳ ዓመት ያህል ነበረ።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ነገር በጦርነት ሕግም ሆነ በክርስቲያን ልማድ የሚያስመሰግን አይደለም። መጀመሪያ የደረሱት ወታደሮች የወደቀው ሰው ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ቀሩ፤ ባወቁም ጊዜ በዙሪያው ተሰብስበው የድል ጩኸት ጮኹ። ከዚያም ከደም የራሰውን ልብሳቸውን እየቀደዱ፥ ሹሩባ የነበረውን ጠጕራቸውን እየቈረጡ ለመታሰቢያ ተካፈሉ። ሥዓሊዎች ፊታቸውን ሣሉ፤ የጋዜጣ ወኪሎችም አዩአቸው። እነዚህ ቍራጮች በኪስና በደብዳቤ ውስጥ ሆነው ባሕር ተሻገሩ። በየቤቱም በመሳቢያ ውስጥ ገብተው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ የድል ማስረጃዎች ሆኑ። ወታደሩ ጠጕሩን ሲቈርጥ ለቤተ ዘመዱ በመቅደላ እንደ ነበረ ለማስረዳት አስቦ ነው። ሟቹ ልጅ፥ ሚስትና ሕዝብ ያለው ሰው መሆኑ ግን በዚያ ሰዓት አልታሰበም።

አስከሬናቸው በማግስቱ በመቅደላ መድኃኔ ዓለም በካህናት ጸሎት ተቀበረ። ሚያዝያ 10 ቀን እንግሊዞች አምባውን ሲያቃጥሉ ቤተ ክርስቲያኑም አብሮ ተቃጠለ። የተዘረፈው ሀብት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም ለሁለት ቀን ጨረታ ተደርጎ ተሸጠ። ከሠራዊቱ ጋራ የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ለሙዚየሙ ብዙ የብራና መጻሕፍት ገዛ። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ የነበረውን ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን የጌታችንን ሥዕል ግን ለሙዚየሙ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው። ጽላቶችም ተወሰዱ፤ ከእነርሱ 11ዱ በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ማንም እንዳያያቸው ተከድነው ተቀመጡ።

በአገር ውስጥ ደግሞ ሞቱ ወዲያውኑ አፈ ታሪክ ሆነ። አልቃሾችና አዝማሪዎች ንጉሡ እጃቸውን ለጠላት ባለመስጠታቸው የጀግንነትን አክሊል ደፉላቸው። ያቃጠሉት አገር ሕዝብ ሳይቀር መከራውን ከሞታቸው ክብር ጋራ አስተያይቶ ይቅር ያለ መሰለ። አንዳንድ የእንግሊዝ ወታደሮች ንጉሡን የገደልን እኛ ነን ብለው ነበረ፤ አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች ግን ቍስሉ ከራሳቸው እጅ የመጣ መሆኑን አረጋገጡ። ዐፅማቸውም ከመቅደላ ፈልሶ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ቋራ፥ ወደ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም እንደ ተወሰደ ይተረካል። ራስን መግደል በቤተ ክርስቲያን ሕግ የተከለከለ ነው፤ ሕዝቡም ይህን አያጣውም። ይሁን እንጂ በዚያ ሞት ውስጥ የተመለከተው የአንድን ሰው ተስፋ መቍረጥ ሳይሆን፥ አገር በምርኮ እንዳትዋረድ የተከፈለ ዋጋን ነው። ፍርዱ የእግዚአብሔር ሆኖ፥ ሁለቱን ነገር ለይቶ ማወቅ የተማሪ ድርሻ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የቤተ ሰባቸው ነገር ነው። የውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩ ወርቅ ከሠራዊቱ ጋራ ወደ ሰሜን ሲጓዙ ታመው በግንቦት 1860 ዓ.ም. ሞቱ፤ በጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። የሰባት ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ አባትም እናትም ሳይኖረው በካፒቴን ስፒዲ ሞግዚትነት ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ንግሥት ቪክቶሪያ ቢያዝኑለትም ብላቴናው በባዕድ አገር ትምህርት ቤቶች ደስታ አላገኘም። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ በሽታ ሞተ፤ ዕድሜውም 18 ዓመት ብቻ ነበረ። በዊንድሰር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። ኢትዮጵያ ዐፅሙ እንዲመለስ ደጋግማ ብትጠይቅም፥ በ2015 ዓ.ም. የቤተ መንግሥቱ መልስ በአጠገቡ ያረፉትን ሌሎች ሙታን ሳያውኩ ማውጣት እንደማይቻል የሚገልጽ ነበረ።

የተወሰደው ንብረት በጥቂት በጥቂቱ መመለስ የጀመረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ከ1916 ዓ.ም. የራስ ተፈሪ የእንግሊዝ አገር ጉብኝት ጋራ በተያያዘ ከዘውዶቹ አንዱ ተመለሰ። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን በጐበኙ ጊዜ የቴዎድሮስን የራስ መሸፈኛና ማኅተም አመጡ። በ1994 ዓ.ም. በኤዲንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሣጥን ውስጥ የተገኘ ጽላት አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ሕዝቡ በእልልታና በዝማሬ ተቀበለው።

ጠጕሩም በዚህ መንገድ ተገኘ። ንጉሡን በሞት አልጋ ላይ የሣለ አንድ መኰንን ሁለት ቍራጭ ጠጕር ይዞ ተመልሶ ነበረ። ቤተ ዘመዶቹ በ1951 ዓ.ም. ገደማ በለንደን ለሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሰጡት። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. እንዲመለስ ጠየቀች። ሙዚየሙም ነገሩን መርምሮ የሰው አካል ክፍል ከማንኛውም ዕቃ የተለየ መሆኑን ተቀበለ፤ ከንጉሡም ዐፅም ጋራ በሥላሴ ገዳም እንዲቀመጥ በማሰብ መጋቢት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ልዑካን አስረከበ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በካፒቴን ስፒዲ ዘሮች እጅ የነበረው የልዑል ዓለማየሁ ጠጕር ከሌሎች ዕቃዎች ጋራ ተመለሰ። ከአባትና ከልጅ ወደ አገራቸው የመጣው ይህ ብቻ ነው።

የሰው ዐፅም መጠበቅ በራሱ የሚነቀፍ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ክርስቲያኖች ከጥንት ጀምረው የሰማዕታትንና የቅዱሳንን ዐፅም በክብር አኑረዋል፤ በመታሰቢያቸውም ቀን ጸሎት ያደርሳሉ። ልዩነቱ በተጠባቂው ነገር ላይ ሳይሆን በጠባቂው ልብ ላይ ነው። አንዱ ሟቹን ስለሚያከብር ይጠብቃል፤ ሌላው በሟቹ ላይ ራሱን ስለሚያከብር ይጠብቃል። የመጀመሪያው ስለ ሟቹ ይጸልያል፤ ሁለተኛው ሟቹን ያሳያል። የመቅደላ ወታደር የቈረጠው ጠጕር ለእርሱ የሁለተኛው ዓይነት ነበረ፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ግን የመጀመሪያውን ዓይነት ክብር አገኘ። ቴዎድሮስ ያሠቃዩት ሕዝብ የልጅ ልጆች ለዚያ ጠጕር አልቅሰዋል። እንዲህም ያደረጉት የንጉሡን በደል ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ በደለኛም ቢሆን ሰው ተቈራርሶ በየመሳቢያው ሊቀመጥ እንደማይገባው ስለሚያምኑ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ የተከፋፈለውን አገር አንድ ለማድረግ ተነሥተው፥ አንድ ያደረጉትን በቍጣቸው መልሰው ያፈረሱ ንጉሥ ናቸው። የጎንደርን ንዋየ ቅድሳት የወሰዱ፥ የእርሳቸውም አካልና ንብረት የተወሰደባቸው፥ ለበደሉም ለተበደሉትም ምሳሌ ሆነው የቀሩ ናቸው። ታሪካቸውን የሚያነብ ሰው ሥራቸውን ሳይሸፍን ሊመዝን፥ ዐፅማቸውንም ሳይመዝን ሊያከብር ይገባዋል። በዊንድሰር ያረፈው የልጃቸው ዐፅም፥ በባዕድ ቤትም ተከድነው የሚገኙት ጽላቶች ጉዳይ ገና አልተፈጸመም።